ከሞረዱ በፊት ማንበብ፤ የአሮጌ ጦር ጠብመንጃዎች ትውውቅ

ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በተገደሉበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ ዳላስ ውስጥ በሚገኝ የመማሪያ መጻሕፍት መጋዘን ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጠብመንጃ ከካርቶኖች መሀል ተወሽቆ ተገኘ። በቦታው ከነበሩት ሕግ አስከባሪዎች አንዱ ከላይ ከላይ አየት አድርጎ 7.65 ካሊበር ማውዘር ነው አለ። ቃሉ በወረቀት ሰፈረ፣ ዜና ሆኖም ወጣ። መሣሪያው ግን ማውዘር ሳይሆን የጣሊያን ካርካኖ ነበር። ደግሞም ሁሉ ነገር ብረቱ ላይ ተጽፏል፤ ጣሊያን የተሠራ መሆኑ፣ የቴርኒ ፋብሪካ ስም፣ 1940 የሚለው ዓመት፣ ካሊበር 6.5፣ መለያ ቁጥር ሲ2766። ጎንበስ ብሎ ላነበበ ሰው ደቂቃ እንኳ አይፈጅም ነበር። ያች የችኮላ ቃል ግን ጠብመንጃው ተቀይሯል ለሚሉ ተከራካሪዎች እስከ ዛሬ መነሻ ሆና ቀርታለች።

ያ ካርካኖ የተገዛው በፖስታ ነው። በግድያው የተወነጀለው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ቺካጎ ከሚገኝ የስፖርት ዕቃ መደብር ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም አስመጣው። መነጽሩ ከጃፓን የመጣ ነው፤ በብሎን ያሰረውም ሻጩ እንጂ የቴርኒ ፋብሪካ አይደለም። የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ገበያ እንዲህ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታት መጋዘን ያጣበበባቸውን አሮጌ ጠብመንጃ በገፍ ሸጡት። አዲስ የአደን መሣሪያ ለመግዛት አቅም ያጠረው ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ በርካሽ ይገዛና ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ ያስተካክለዋል። የፊተኛውን እንጨት በመጋዝ ያሳጥራል፤ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ይቀባል፤ የወታደር ማነጣጠሪያውን አንሥቶ ብረቱን በትራፓኖ ይበሳና መነጽር ይገጥማል። ለአጋዘን አደን የሚመች ቀለል ያለ መሣሪያም ይወጣዋል። ቤተሰቡን ሥጋ ሊያበላ ያደረገውን ሰው አልወቅሰውም። የሚያሳዝነኝ ብዙው ሰው ምን እየፋቀ እንደሆነ ሳያውቅ መፋቁ ነው።

ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለና። የአሜሪካ ጦር ስፕሪንግፊልድ 1903 ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ተሠርተው መለያ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት፣ በሮክ አይላንድ ደግሞ ከ285,507 በታች የሆኑት እንዲተኮስባቸው አይመከርም። ማቀባበያው የሚንሸራተትበት የብረት አካል ሲሠራ ሠራተኞቹ የጋለውን ብረት ሙቀት የሚለኩት በዓይናቸው፣ የፍሙን ቀለም እያዩ ነበር። ደመናማ ቀን ላይ ፍሙ ደምቆ ይታያል። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ግን ያው ፍም የደበዘዘ ይመስላል፤ ሠራተኛውም ገና አልጋለም ብሎ እቶኑ ውስጥ ያቆየዋል። ብረቱ ይቃጠላል። ከውጭ ሲያዩት ከጓደኛው በምንም አይለይም፣ ውስጡ ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1917 ጠብመንጃዎች በተኳሾች ፊት ላይ መፈንዳት ሲጀምሩ ነው ምርመራ የተደረገውና የሙቀት መለኪያ መሣሪያ የገባው። እንዲህ ያለውን ብረት በስቶ፣ በርሜሉን ቀይሮ፣ ከበፊቱ የበረታ ጥይት የሚያጎርስ አማተር ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያቅትም። የሚያድነው ያች ቁጥር ብቻ ናት።

አንዳንዴ ደግሞ የሚነበበው የተፋቀው ራሱ ነው። በጃፓኑ አሪሳካ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት የሆነው 16 ቅጠል ያለው የክሪሳንተመም አበባ ይታተም ነበር። ጃፓን በ1945 እጇን ስትሰጥ የንጉሡ ምልክት በጠላት እጅ እንዳይወድቅ አበባው በሞረድና በድንጋይ ተፋቀ። ስለዚህ አበባው የጠፋበት አሪሳካ አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ መስጠት በኋላ የተረከቡት ነው፤ አበባው ሳይነካ ያለው ግን ከውጊያ ሜዳ የተማረከ ሊሆን ይችላል። ቦታው ጎርበጥ ብሏል ብሎ በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሰው ሰው ይህን ምስክርነት አብሮ ያጠፋል።

ወደ ካርካኖ ልመለስ፤ ለእኛ የቅርብ ነገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1891 ሥራ ላይ ሲውል በበርሜሉ ውስጥ ጥይቱን የሚያሾረው ጠመዝማዛ ቦይ ከጥይት መጉረሻው በኩል ዘርጋ ብሎ ይጀምርና ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ እየጠበበ፣ እየጠመዘዘ ይሄድ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያን ጦር ራሱ ረጃጅሞቹን ከአፈሙዛቸው በኩል ቆርጦ 91/24 የሚባለውን አጭር ጠብመንጃ አወጣ። ተቆርጦ የተጣለው ጥይቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያሾረው ክፍል ነበርና ዒላማው ተበላሸ። ልምድ ያለው ሠራዊት እንዲህ ከተሳሳተ ጋራዥ ውስጥ መጋዝ የያዘ ሰው ቢሳሳት አይደንቅም።

በሙሶሊኒ ዘመን በተሠሩት ላይ ከዓመቱ አጠገብ የፋሺስቱ ዘመን በሮማውያን ቁጥር ታትሞ ይገኛል። ቆጠራው የሚነሣው ከኦክቶበር 1922 ማብቂያ ነው። 14 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ከኦክቶበር 1935 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1936 ያለውን ዓመት ያነብባል፤ ማይጨው ላይ የተዋጋንበት፣ አዲስ አበባም የተያዘችበት ዓመት።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ መጋዘኖች የነበሩ አሮጌ ጠብመንጃዎች ወደ አሜሪካ ገበያ ገብተዋል። ካርካኖው አለ፣ ረሚንግተኑ አለ፣ አያቶቻችን ወጨፎ የሚሉት ቬተርሊና ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠብመንጃም አለ። በውጅግራው ላይ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ስምና 1874 የሚለው የሞዴሉ ዓመት በቅጥል ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። የተሠራበትን ዓመት ማንበብ እዚህ ላይ ሕጋዊ ትርጉምም አለው፤ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 የተሠራ ጠብመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር የሚገዛበት ደንብ ከዘመናዊ መሣሪያ ይለያል።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በባለቤቶቻቸው እጅ ተጠግነዋል። የሰደፉ አንገት ከቃታው ኋላ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ የሚሰበረው እሱ ነው። እርጥብ ጥሬ ቆዳ ይጠቀለልበትና ይሰፋል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና ስንጥቁን አጥብቆ ይይዘዋል። አንዳንዱ ላይ የቆርቆሮ ጠፍር ወይም ሽቦ ዞሮበታል። ይህም ማስተካከል ነው፤ ግን የጋራዡን ዓይነት አይደለም። የተሰበረ መሣሪያ ዳግም ለአገልግሎት እንዲበቃ የተደረገ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ማኅተም አልተነካም።

ገዢዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ በዚያው በቆየው የጋራዥ ልማድ ቆዳውን ቀድዶ፣ ሰደፉን ፍቆ፣ ብረቱን እንደ አዲስ አጥቁሮ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ገሚሱ ግን ግራሶውንና አቧራውን በጨርቅ ጠርጎ ማኅተሞቹን በማጉያ መነጽር ያነብባል፤ በማቀባበያውና በበርሜሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች መግጠማቸውን ያያል፤ ፎቶ አንሥቶም ይመዘግባል። የሚጎድል ማነጣጠሪያ ወይም ቀለበት ካለ የዘመኑን ፈልጎ ይተካል። እንጨት ከሌላ ጠብመንጃ ሊገኝ ይችላል። በትራፓኖ የተበሳ ብረትን በብየዳ ልድፈነው ቢሉ ግን የብየዳው ሙቀት ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ይወስደዋል። በእኔ እጅ የገባ ቢሆን ቆዳውን ከነስፌቱ እንዳለ እተወው ነበር፤ የሰፋው ሰው የጻፈው ጽሑፍ እሱ ነውና።