የረግረጉ ሜቴን በሎች

በምዕራብ ሐረርጌ፣ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ፣ ምንጭ የሚያርሰው መሬት ላይ የበቀለ ቄጠማ ከነሥሩ ሲነቀል አብሮ የሚወጣው ጭቃ ጥቁር ነው፤ የበሰበሰ ነገር ይሸታል። ሥሩን ለቅለቅ አድርጎ ያየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀላ ያለ ቡናማ ልባስ ያገኛል። ልባሱ የብረት ዝገት ነው። ብረት እንዲዝግ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ውኃ በጠገበ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ከላይኛዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች በታች ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ኦክስጅኑ ከየት መጣ? ያወረደው ቄጠማው ራሱ ነው። አገዳው ሲጨመቅ ልል ነው፣ ውስጡ አየር የሞላው ነው፤ አየሩ በዚያ በኩል እስከ ሥሩ ይወርድና ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ጭቃው ይሾልካል።

በዚህች ጠባብ ወሰን፣ በጭቃው ገጽና በሥሮቹ ዙሪያ፣ ሜቴን እየበሉ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሰፍረዋል። ሰውነታቸውን የሚገነቡበት ካርቦንም ጉልበታቸውም ከዚሁ ጋዝ ነው። አብዛኞቹ ስኳር ቢቀርብላቸው እንኳ አይጠቀሙበትም።

ሜቴኑ የሚመጣው ከታች ነው። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ቅጠሉ፣ ሥሩና እበቱ ሲበሰብስ የመጨረሻውን ሥራ የሚሠሩት አርኬያ የሚባሉ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ረግረግ በእንጨት ሲወጋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ የሚወጣው አረፋ የእነሱ ነው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1776 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከማጆሬ ሐይቅ ይህን ጋዝ ሰብስቦ እንደሚቀጣጠል አሳየ። ጋዙን የሚበላ ፍጥረት ለይቶ ለማውጣት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ በ1906 ተሳክቶለት ያወጣው ኒኮላስ ሶንገን የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ነው። በ1970 እነ ሮጀር ዊተንበሪ ብሪታንያ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ የሜቴን በል ባክቴሪያ ዘሮችን ሰብስበው እስከ ዛሬ ለሚሠራበት አመዳደብ መሠረት ጣሉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አበላላቸው ነው። ሜቴን አንድ ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ብቻ ነው፤ ማሰሪያው ግን እጅግ ጠንካራ ነው። በፋብሪካ ሜቴንን ወደ ሌላ ነገር ለመለወጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ባክቴሪያዋ ይህንኑ በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ትሠራዋለች። መሣሪያዋ በመዳብ የሚሠራ ኢንዛይም ነው፤ መዳብ ሲያጥር አንዳንዶቹ በብረት ወደሚሠራ ሌላ ኢንዛይም ይዞራሉ። ኢንዛይሙ በሜቴኑ ላይ አንድ ኦክስጅን ይጨምርና ሜታኖል ይሆናል፣ ሜታኖሉ ፎርማልዲሃይድ ይሆናል። ከዚያ ገሚሱ ገላ ይሆናል፣ ገሚሱ ለጉልበት ይቃጠልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድስ ያው አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ነው፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ክብደታቸው እኩል ቢሆን፣ በ20 ዓመት ውስጥ ሜቴን የሚያሞቀው ከ80 እጥፍ በላይ ነው። በረግረግ ከሚመረተው ሜቴን ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚያስቀሩት መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ከግማሽ በላይ ነው፣ እስከ 90 በመቶ የደረሰበትም አለ። ረግረግ ወደ አየር የሚለቀው እንግዲህ ከእነሱ የተረፈውን ነው።

ምዕራብ ሐረርጌ የሰፊ ረግረግ አገር አይደለም። ጭሮ፣ ሂርናና በዴሳ ያሉበት ደጋ ውኃውን በአንድ በኩል ወደ አዋሽ፣ በሌላ በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚያካፍል ተዳፋት ነው፤ ርጥብ መሬቱ ምንጭ ዳር፣ ሸለቆ ውስጥና ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ዙሪያ ነው ያለው። ትንሽ በመሆኑም ለጫትና ለአትክልት ሲባል ቶሎ ይጠፋል። የጎረቤቱ የምሥራቅ ሐረርጌው ሐሮማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መድረቁን፣ ከዓመታት በኋላም ውኃ መልሶ መያዙን ያየ የአካባቢው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ሲደርቅ አየር ይገባዋል፤ ሜቴን አምራቾቹ ሥራ ያቆማሉ። ሜቴን በሎቹ ይራባሉ እንጂ ሁሉም አይሞቱም፤ ብዙዎቹ ጠንካራ ሽፋን አብጅተው ድርቁን ያሳልፋሉ፣ ውኃው ሲመለስም ይነሣሉ። ይህን ሰምቶ ረግረግን ማድረቅ ይጠቅማል የሚል ካለ ተሳስቷል። በጭቃው ውስጥ ለዘመናት የተጠራቀመው ካርቦን አየር ሲያገኝ ይበሰብስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ምንጩም ሊነጥፍ ይችላል።

በደረቁ መሬት የሚኖሩ ዘመዶችም አሏቸው። እነዚህ ከአየሩ ራሱ ጥቂቷን ሜቴን ይለቅማሉ፤ በዓለም ዙሪያ በዓመት ወደ 30 ሚሊዮን ቶን ይሆናል። በተለይ ያልታረሰ የጫካ አፈር ይስማማቸዋል፤ የደጋ አጋዘን መጠለያ የሆነው ኩኒ ሙክታር እንዲህ ያለ ጫካ ያለበት ነው። ማረስ ይጎዳቸዋል። ዩሪያም እንዲሁ፤ ከዩሪያ የሚወጣው አሞኒያ ቅርጹ ከሜቴን ጋር ስለሚቀራረብ ኢንዛይሙን ይይዝባቸዋል። በማሽላ አገዳ የሚደልበው የሐረርጌ ሰንጋ የሚያገሳው ሜቴን ግን በቀጥታ ወደ አየር ስለሚሄድ እነሱ የሚደርሱበት ከተበተነ በኋላ ነው፤ ለዚያውም ጥቂቱን።

የሚበሉትን መጠን መለካት ከባድ አይደለም። ታች የሌለው ሳጥን ጭቃው ላይ ይደፋል፣ በየጥቂት ደቂቃው በመርፌ ጋዝ ይቀዳል፣ በጋዝ ክሮማቶግራፍ ይነበባል። ከዚያ ሜቲል ፍሎራይድ የተባለ ጋዝ በጥቂቱ ይገባና ሜቴን በሎቹን ያስቆማል፤ በፊትና በኋላ የተነበበው ልዩነት የእነሱ ድርሻ ነው። ጭሮ ዛሬ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አላት። አንድ የማስተርስ ተማሪ ሳጥኑን ቄጠማው መሀልና ቄጠማው በተጨደበት ጭቃ ላይ፣ አንዴ ከክረምት ማግሥት፣ አንዴ በበጋ ቢደፋው እጅግ ደስ ይለኛል።