መርከብ ሲጠብቅ የከረመ ቡና

ጥቅምት ሲጋመስ በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ቡናው ቀልቶ ለለቀማ ይደርሳል። በየሁለት ዓመቱ ታዲያ በዚሁ ሰሞን ገደማ ፈረንሳይ አገር ከለ ሃቭር ወደብ የሸራ ጀልባዎች አትላንቲክን ለማቋረጥ ይነሳሉ። ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በየጀልባው ላይ ሁለት ሰው ብቻ ይሳፈራል። ከጀልባዎቹ የአንዱ ምድብ 18 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ ቬንዴ ግሎብ በሚባለው ውድድር ዓለምን ያለ ዕረፍት የሚዞሩትም እነሱ ናቸው። ባሕር የሚወድ ሰው ሁሉ፣ ጀልባ ያለውም የሌለውም፣ ጉዟቸውን ቀን በቀን በካርታ ላይ ይከታተላል። እኔም ከባሕር እጅግ ርቄ፣ ሚዛን ቡና ቤት ተቀምጬ በስልኬ ተከታትያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ማዕበል እነዚህኑ ባለ 18 ሜትር ጀልባዎች ከወደብ አላስወጣ ሲል በጓሮው በኩል ጀንፈል አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ እነሱ ንፋሱ እስኪበርድ፣ እኛ ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቅ ነበር።

ልቤን የነካው የውድድሩ ስም ነው። «የቡና መንገድ» ይሉታል። ድሮ ቡና የጫኑ መርከቦች ወደ ለ ሃቭር ይመጡበት የነበረውን መስመር ስለሚከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2011 የውድድሩ መድረሻ ኮስታሪካ ነበረች። የጌሻ ቡና ዘር ግን እዚያ አገር ከደረሰ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኛው አካባቢ ጫካ ተለቅሞ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ፣ በ1953 ኮስታሪካ ገባ። ከዚያ ወደ ፓናማ ተሻገረና እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያ አገር የቡና ውድድር አሸንፎ ዓለምን ጉድ አሰኘ። የጌሻን ጉዞ ቡና ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል። ደቡብ ምዕራቡ ራሱ በመርከብ ቡና ይልክበት የነበረውን መንገድ ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

መንገዱ የባሮ ወንዝ ነው። ከቴፒ ጋምቤላ በቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ኢታንግ አጠገብ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ለደጋው በሚቀርበው ጋምቤላ ላይ ነው። የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች በሶባትና በነጭ ዓባይ አድርገው ከካርቱም ይመጡ ነበር። ጉዞው ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብዬ ላስረዳ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነውና። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ብቻ ነው። ከሰኔ ገደማ ጀምሮ ውሃው ይሞላል፣ ጥቅምት ላይ ይጎድላል። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው ወንዙ ሲጎድል ነው። ደጋው ላይ ጭነት የሚጓዘው ጭቃው ሲደርቅ፣ በበጋ ነው፤ መርከብ የሚመጣው በዝናብ ነው። ስለዚህ ቡናው ከጎሬ በቡሬ አድርጎ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ ወደ 500 ሜትር ገደማ ቆላ ይወርድና መጋዘን ውስጥ ተደርድሮ ወራት ይከርማል። ቆላው የገንዲ አገር በመሆኑ የጋማ ከብት አይበረክትበትም፤ የቁልቁለቱን ጭነት የተሸከመው በአብዛኛው የሰው ትከሻ ነበር። የነጋዴው ገንዘብም ከጆንያው ጋር ታስሮ ይከርማል። በመጨረሻ የመጀመሪያው መርከብ ጨውና አቡጀዴ አራግፎ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናል። ጭነቱን አጓትቶ የውሃው መጉደል የደረሰበት መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ሊጠብቅ ይችላል። በውቅያኖስ የሚወዳደሩት ንፋስ እንደሚያነቡት ሁሉ የባሮ መርከበኞችም አሸዋና ዝናብ ማንበብ ነበረባቸው።

በዚህ ንግድ ዋናው የጎሬና የሳዮ ቡና እንደነበር መሸሸግ አይገባም። ከሚዛንና ከማጂ በኩል ያለው ንግድ ሌላ በር ነበረው፤ ብዙው ወደ ጅማ ይወጣ ነበር። ያም ሆኖ ጎሬ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች፣ ኋላም የእንግሊዝ ቆንስላ የተቀመጡባት ከተማ የሆነችው በዚህ ወንዝ ምክንያት ነው። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1935 ያለውን የጋምቤላን ንግድ በጥልቀት አጥንተውታል። የቡና ገበሬዎቻችን ልጆች ያንን ጥናት በአማርኛ ቢያነቡት እንዴት ደስ ባለኝ!

ንግዱ ቀስ በቀስ ነው የሞተው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ሚዛኑን አስቀድሞ ወደ ምሥራቅ አጋድሎት ነበር። ከዚያ የዓለም የቡና ዋጋ ወደቀ፣ ጣልያን መጣ። በ1933 ዓ.ም. ጋምቤላ ከጣልያን እጅ ስትወጣ ወንዙ የጦር ስንቅ ተመላለሰበት፤ ከኮንጎ የመጣው የቤልጅየም ጦር በዚሁ በኩል ወደ ሳዮ ወጥቶ፣ የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ በሰኔ መጨረሻ እጁን ሰጠ። የጣቢያው ውል የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ብቻ ስለነበር፣ ሱዳን ነጻ ስትወጣ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ወደባችንን መልሰን የያዝነው ግን ቡናው በመኪና ወደ ጅማ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነትም የታችኛውን መንገድ ዘጋው።

ዛሬ የቴፒና የበበቃ ቡና በተሳቢ ተጭኖ በቦንጋና በጅማ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ ጅቡቲ። ድምሩ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሮ ነገ ይከፈት የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ ካርቱም ራሷ ነድዳለች፤ በሰላሙ ጊዜም ቢሆን መርከቡ የሚሠራው የዓመቱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግን ስለ ባሕር በር ይህን ያህል የምንነጋገር ሰዎች፣ መርከብ ሲሸከም የኖረውን ብቸኛ ወንዛችንን ከንግግራችን ማስቀረታችን ያሳዝነኛል። የአሸዋውን አቀማመጥ በየዓመቱ መለካት ጦርነት እስኪያበቃ መጠበቅ የለበትም። ከወላጆቻቸው ስለዚያ ዘመን የሰሙ አዛውንቶች ሳያልፉ ቃላቸውን መቅዳትም እንዲሁ።

የለ ሃቭር ሰዎች የድሮው የቡና መርከብ ዘመን ቢያልፍም መንገዱን በውድድር ሕያው አድርገውታል። እኛስ ነሐሴ ላይ፣ ወንዙ ግጥም ሲል፣ ከጋምቤላ እስከ ኢታንግ የታንኳ ውድድር ቢኖረን? ቀዛፊ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ከባሮ ድልድይ በታች ቆሜ አንድ አኙዋክ ሽማግሌ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ሲሻገሩ አይቻለሁ። ወንዙ መካከል ሲደርሱ ረጅሙን ዘንግ ወደ ታች ሰደዱት፤ መልሰው አወጡና እርጥበቱ የደረሰበትን በዓይናቸው ለኩ። ከዚያ ታንኳውን ትንሽ ወደ ግራ አዙረው፣ እኔ ከላይ ያላየሁትን አሸዋ ዞረው አለፉ።