በቆዩ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ ተጨማሪ መብራት ከመገጠሙ በፊት የሚደረግ የዲናሞ አመራረጥ

ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ የጭነት ተሽከርካሪዎች ባለንብረቶች ለሌሊት ሥራ ተጨማሪ ፓውዛ ሲያስገጥሙ በቅድሚያ የሚመለከቱት የመብራቱን ድምቀት ነው። ችግሩ የሚታየው ግን ውሎ አድሮ፣ ተሽከርካሪው ጠዋት አልነሳ ሲል ነው። መብራቶቹ የሚወስዱት ኃይል ዲናሞው ወይም አልተርኔተሩ ከሚያመነጨው ከበለጠ ጉድለቱ የሚሸፈነው ከባትሪ ነውና።

ስለሆነም ዲናሞ ከመግዛት በፊት ፍጆታውን ማስላት ይገባል። የመብራቶቹና የሌሎቹ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዋት ተደምሮ ለተሽከርካሪው ቮልት ሲካፈል የሚያስፈልገው አምፔር ይገኛል። ለምሳሌ ባለ24 ቮልት የሆነ የጭነት መኪና ነባር መብራቶቹ፣ የዝናብ መጥረጊያውና ማራገቢያው በድምሩ 360 ዋት የሚወስዱ ቢሆን፣ ባለ70 ዋት አራት ሃሎጅን ፓውዛዎች ሲጨመሩ ፍጆታው 640 ዋት ወይም 27 አምፔር ገደማ ይደርሳል። ባትሪውን ለመሙላት ሩብ ያህል ሲታከልበት ወደ 34 አምፔር ይጠጋል።

ይህን የተመለከተ ባለንብረት ባለ35 አምፔር ዲናሞ ይበቃኛል ሊል ይችላል። ሆኖም በዲናሞው ላይ የተጻፈው መጠን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ የሚገኘው ነው። በሚኒሞ ሲሆን የሚያመነጨው ግማሹን ወይም ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። በመጫኛ ስፍራ ፓውዛ አብርቶ ለረጅም ሰዓት ለሚቆም ተሽከርካሪ 60 አምፔርና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል። በአንጻሩ አራቱ ፓውዛዎች ባለ20 ዋት ኤልኢዲ ቢሆኑ አጠቃላይ ፍጆታው ከነመጠባበቂያው ወደ 23 አምፔር ስለሚወርድ፣ በአብዛኛው በጉዞ ላይ ለሚውል ተሽከርካሪ ጤናማ የሆነ ነባር ዲናሞ ሊበቃ ይችላል። ብዙ ጊዜ ርካሹ መፍትሔም ይኸው ነው።

ዲናሞ መለወጥ የግድ ከሆነ ቮልቱ፣ የመቆጣጠሪያው ዓይነት፣ ማሰሪያውና የቺንጋው መስመር ከሞተሩ ጋር መግጠም አለባቸው። ከዲናሞው ወደ ባትሪ የሚሄደው ነባር ሽቦም ለአዲሱ አምፔር የሚመጥን ካልሆነ ይግላል፤ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል። ያገለገለ ዲናሞ የሚገዛ ሰው ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስፈተሽ ይኖርበታል።

በባለ24 ቮልት ተሽከርካሪ ላይ ባለ12 ቮልት ፓውዛ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ቀጥሎ ማብራት የተለመደ ስህተት ነው። አንደኛው ባትሪ ሲዳከም ሌላው ከመጠን በላይ ስለሚሞላ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። ፓውዛዎቹ የራሳቸው ፊውዝና ሪሌ ሊኖራቸው ይገባል፤ ከላይ ለተጠቀሱት አራት ሃሎጅኖች ባለ15 አምፔር ፊውዝ በቂ ነው።

ተጨማሪ መብራት ከፊት ለፊት የሚመጣን አሽከርካሪ እይታ ስለሚጋርድ፣ ቁጥሩና አገጣጠሙ በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ባለንብረቱ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ምርመራውን ከሚያካሂደው ተቋም ቢያረጋግጥ ከድጋሚ ወጪ ይድናል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ሞተሩ ተነስቶና መብራቶቹ በሙሉ በርተው በባትሪው ጫፎች ላይ ቮልቱ ይለካል። በመካከለኛ ዙር ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት ከተገኘ ዲናሞው ጭነቱን ችሏል፤ ወደ 25 ቮልት ከወረደ ግን መብራቶቹ የሚሠሩት በባትሪው ኃይል ነው።