መሻዊ፦ በሻዋርማ የተጋረደው ጥብስ

የዓረብ ምግብ ሲነሣ አዲስ አበባ ቶሎ ትዝ የሚላት ሻዋርማ ነው። ሻዋርማ ግን የምግብ ቤት ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከር ብረትና አጠገቡ ቢላ ይዞ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ሊባኖሱ፣ ሶርያው፣ ፍልስጤሙና ኢራቁ እቤቱ የሚጠብሰው መሻዊ ነው፦ በብረት ሽቦ ተሰክቶ በከሰል ፍም ላይ የሚበስል ሥጋና አትክልት፣ ሦስት አራት ዓይነቱ በአንድ ማዕድ። ቤይሩት፣ ጅዳ ወይም ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት በደንብ ታውቀዋለች። የነገው ምሳ መሻዊ ነው ከተባለ ሽንኩርት ስትልጥ የምታመሸው እሷ ናት። እኔም ቤይሩት ሳለሁ ብዙ ልጫለሁ፤ ሰው ስለ ሻዋርማ ብቻ ሲጠይቀኝ ቅር የሚለኝም ለዚህ ነው።

ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ተቆራርጦ የሚሰካው የበግ ሥጋ፣ ሺሽ ታዉክ የሚባለው ዶሮና ካፍታ የሚባለው የተፈጨ ሥጋ። በጉ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና በየሁለቱ ቁራጭ መሀል የምትገባ አንድ ጮማ ትበቃዋለች። ዶሮው በእርጎ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በአንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ታሽቶ ያድራል። ሎሚ ካበዛችሁበት ጠዋት ላይ ሥጋው ላልቶ ዱቄት ዱቄት ይላል። ከደረቱ ይልቅ የታፋው ሥጋ ይሻላል፤ ቶሎ አይደርቅም። ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

የሚያስጨንቀው ካፍታ ነው። እዚህ አገር እቤታቸው የሞከሩ ሰዎች የሚነግሩኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ሥጋው ገና ሳይበስል ከሽቦው እየተላቀቀ ፍሙ ውስጥ ይወድቃል፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላል፣ የተረፈው መጥበሻ ላይ ተገልብጦ «ጥብስ» ይሆናል። ከዚያ አንዱ አዋቂ ይነሣና «እንቁላል አላደረጋችሁበትማ!» ይላል። ሌላው የዳቦ ፍርፋሪ ያክላል። በሚቀጥለው ጊዜ እንቁላልም ፍርፋሪም ይገባል፤ ሥጋውም ይወድቃል።

እንቁላል ሥጋን የሚይዘው ሲረጋ ነው። የሚረጋው ደግሞ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ካፍታ የሚወድቀው ግን ፍሙ ላይ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ያኔ እንቁላሉ ጥሬ ፈሳሽ ነው፤ ሥጋውን ከማያያዝ ይልቅ ያላላዋል። ፍርፋሪው ፈሳሹን ይመጥ ይሆናል፤ ግን የምትበሉት ካፍታ መሆኑ ቀርቶ ኮትሌት ይሆናል። ኮትሌት ጥሩ ምግብ ነው፤ መጥበሻ ላይ ሥሩት።

ካፍታን የሚያያይዘው የራሱ ሥጋ ነው። የተፈጨ ሥጋ ጨው ገብቶበት ሲታሽ ከውስጡ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ይወጣል፤ ያ ነው ሙጫው። ይህን ሙጫ የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ውኃና ሙቀት። ውኃው የሚመጣው ከቀይ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ያለ ካፍታ አይሆንም፤ ተፈጭቶ እንዳለ ሲገባ ግን ሙጫውን ያቀጥነዋል። እሳቱ ላይ ሲወጣ ደግሞ ያው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ሥጋውን ከብረቱ ይገፋዋል።

የነበርኩበት ቤት አያትዬዋን ሁሉም «ተይታ» ነበር የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ተይታ ማንም ካፍታውን እንዲያሽ አይፈቅዱም ነበር፤ ለእኔ የሚተዉልኝ ሽንኩርቱን ነው። በቢላ አድቅቄ ከትፌ ጨው ነስንሼ ጥቂት አቆየዋለሁ፤ ከዚያ በነጠላ ጨርቅ አድርጌ እጨምቀዋለሁ። «አለቀ» ስላቸው ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው እንደገና ይጠመዝዙታል፤ ሁልጊዜም ጥቂት ጠብታ ይወጣዋል። እያዩኝ ያንጠባጥቡታል። የወጣው ውኃ አይደፋም፤ በሚቆራረጠው የበግ ሥጋ ላይ ይፈስሳል፣ ያለሰልሰዋል። ካፍታው ውስጥ የሚገባው ፐርሰሜሎም እንደዚሁ ነው፤ ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ ነው የሚከተፈው። እርጥብ ቅጠል መክተፍ የተጨመቀውን ውኃ መልሶ መክተት ነው።

ሙቀቱ ደግሞ የስቡ ጉዳይ ነው። ስብ በእጅ ሙቀት ሲቀልጥ እያንዳንዱን የሥጋ ቅንጣት ይለብጠዋል፤ የተለበጠ ቅንጣት አይያያዝም። ስለዚህ ሥጋው ከፍሪጅ እንደወጣ ይታሻል፣ እጅ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል፣ ታሽቶ ሲያልቅ ተመልሶ ፍሪጅ ይገባል። ማሸቱ ይበቃ አይበቃ እንደሆነ ተይታ የሚያውቁት እንዲህ ነበር፦ እፍኝ የማትሞላ ሥጋ መዳፋቸው ላይ ጠፍጠፍ ያደርጉና መዳፋቸውን ወደ ታች ይገለብጡታል። ሥጋው ተለጥፎ ከቀረ ደርሷል። ከወደቀ ገና ነው፤ መልሰው ያሹታል። ይህን ሳላይ የሰካሁት ካፍታ የለም።

አሁን ወደ ሥጋ ቤቱ። እዚህ ላይ የአገሬን ሰው ትንሽ እቆጣለሁ። «የተፈጨ ሥጋ» ስንል ባለ ሥጋ ቤቱ ለክትፎ የሚሆነውን ቀይ ይሰጠናል፤ እኛም ንጹሕ ሥጋ አገኘን ብለን ደስ ይለናል። ክትፎ ቅቤው በኋላ ይመጣለታል። ካፍታ ግን ቅቤ የሚያፈስስበት የለም፤ ስቡን ይዞ መምጣት አለበት። በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ200 እስከ 250 ግራሙ ስብ ካልሆነ ፍሙ ላይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ምርጡ ስብ የበግ ላት ነው። ሐበሻ ለበዓል በግ ሲገዛ ላቱን ዳብሶ ነው የሚመርጠው፤ እቤት ከገባ በኋላ ግን ላቱን ማን ያስታውሳል? ዓረቦቹ በሱ ይኮራሉ። እ.ኤ.አ. በ1226 ባግዳድ ላይ መሐመድ አል-ባግዳዲ «ኪታብ አል-ጠቢኽ» የተባለ የምግብ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ብዙዎቹ ምግቦች የሚጀምሩት ላት ከማቅለጥ ነው። የዛሬው የኢራቅ ከባብም ከበግ ሥጋ፣ ከላት፣ ከሽንኩርትና ከጨው ብዙ አያልፍም። ሊባኖሶች ፐርሰሜሎ፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ቀረፋ ይጨምሩበታል። በርበሬያችንን የሚጨምር አላጣሁም፤ አልከለክልም፣ ግን ሥጋውን ቀምሳችሁ ጨምሩ።

ሽቦው ራሱም ወንጀለኛ ነው። ክብ ቀጭን ሽቦ ለተቆራረጠ ሥጋ ይሆናል፤ ለካፍታ አይሆንም። ሽቦውን ስታዞሩት እሱ ብቻውን ይዞራል፣ ሥጋው ባለበት ይቀራል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ ይወድቃል። የካፍታ ሽቦ ጠፍጣፋና አንድ ጣት የሚያህል ሰፊ ነው። ምናለሽ ተራ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ብረት በያጅ በትንሽ ገንዘብ ይሠራላችኋል፤ የማይዝግ ብረት ይሁን በሉት። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲግል የሚያወጣው ጭስ ጤና አይደለም። ሥጋው በእርጥብ እጅ ይጠቀለልበታል፣ ቀጭን ተደርጎ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሰርጎድ ሰርጎድ እያደረጉ እየተጫኑት፤ ሁለቱ ጫፎች ደግሞ ብረቱ ላይ በደንብ ይለጠፋሉ። መላቀቅ የሚጀምረው ከጫፍ ነው።

ሽቦው የሚያርፈውም ፍርግርግ ላይ አይደለም። ፍርግርግ ላይ ያረፈ ካፍታ ይጣበቃል፤ ሲያነሡት ይቦጨቃል። የዓረቦቹ ማንደጃ ረጅም ሳጥን ነው፤ የሽቦው ሁለት ጫፍ ከንፈሩ ላይ ያርፋል፣ ሥጋው ምንም ሳይነካ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። የእኛ ክብ የከሰል ማንደጃ ለዚህ አይመችም፤ መሬት ላይ ጡብ በሁለት ረድፍ ደርድራችሁ ፍሙን መሀል አፍስሱበት። ሥጋው ፍሙ ላይ እንደወጣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አዙሩት፣ ወዲያው ደግሞ አዙሩት። ዙሪያው ከተኮማተረ በኋላ አይወድቅም፤ ያኔ ተረጋግታችሁ ማራገብ ትችላላችሁ።

ስለ ፍሙ፦ ነበልባሉ ጠፍቶ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው ሥጋ የሚወጣው። ነጭ ጋዝ አርከፍክፎ የሚያቀጣጥል ሰው ዘመድ ቢሆንም አልበላለትም፤ ሽታው ሥጋው ውስጥ ይገባል። በረንዳው ጠቦ ሳሎን ውስጥ የሚያቀጣጥሉም አሉ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳይታወቅም ይገድላል። ደጅ ውጡ።

ወደ አትክልቱ ስንመጣ በየሆቴሉ ግድግዳ የተሰቀለውን ፎቶ አውርዱልኝ፦ አንድ ሥጋ፣ አንድ ቃሪያ፣ አንድ ቲማቲም፣ አንድ ሽንኩርት እየተፈራረቁ። ያምራል። ሥጋው ሲደርስ ግን ቲማቲሙ ፈስሷል፣ ሽንኩርቱ ጥሬ ነው። እቤት ውስጥ ቲማቲም ለብቻው ሽቦ አለው፣ ሽንኩርት ለብቻው፣ ቃሪያ ለብቻው፤ እያንዳንዱ ሲደርስ ይነሣል። ከዚህ የሚለየው የሶርያዋ ከተማ የሐለብ ካፍታ በደበርጃን ነው፤ እዚያ ሁለቱ ሆን ተብሎ ይፈራረቃሉ፣ የሥጋው ስብ ደበርጃኑን ያጠጣዋል።

ደበርጃን ግን ብቻውን ሲጠበስ ነው ነፍስ የሚዘራው። ሥጋ ከመውጣቱ በፊት፣ ነበልባሉ ገና ሳይጠፋ፣ ከነልጣጩ ፍሙ ውስጥ ይወረወራል። በሹካ መወጋት አለበት፤ ካልተወጋ እንፋሎቱ ያፈነዳዋል። ልጣጩ ጠቁሮ ከሰል እስኪሆን፣ ሲጫኑት ሙሉ በሙሉ እስኪሟሽሽ ይቆያል። ብዙ ሰው እዚህ ይፈራና ቶሎ ያነሣዋል፤ በግማሽ የበሰለ ደበርጃን ይመራል። ከዚያ የደበርጃኑን ውስጥ በማንኪያ መዛቅ ነው። ጥቁሩን ለማስለቀቅ ቧንቧ ሥር የሚያጥቡት ሰዎች የጭሱን ጣዕም አብረው ያጥቡታል፤ ጥቂት ጥቁር ቢቀርበት ምን ይሆናል? በወንፊት ተንጠፍጥፎ በጣሂና፣ በሎሚ፣ በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና በጨው ሲመታ ሙተበል ይሆናል። ጣሂና የተፈጨ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ከሁመራና ከመተማ እየጫንን ወደ ውጭ እንልካለን፤ ጣሂናውን ከሱፐርማርኬት በውድ እንገዛለን። ሰሊጡን ፈልፍላችሁ በስሱ አምሳችሁ ከትንሽ ዘይት ጋር እቤት ብትፈጩት ይሠራል።

ማዕዱ ላይ መጀመሪያ የዓረብ ዳቦ ተከፍቶ ይነጠፋል፣ ሥጋው እሱ ላይ ያርፋል፣ ሌላ ዳቦ ይከደንበታል። በቀጭኑ የተከተፈ ሽንኩርትና ፐርሰሜሎ በሱማቅ ታሽቶ አብሮ ይቀርባል። ሱማቅ ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ ነው፣ ደርቆ ይፈጫል፤ ከዓረብ አገር የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶ ይልቅ እሱን አስልኩ። ካፍታ ከሽቦው የሚላቀቀው በዳቦ ተይዞ ነው፤ በሹካ የሚገፋ ሰው ይሰባብረዋል። ከሥር ያለው፣ ስቡን የጠጣው ዳቦ ላይ የልጆች ጠብ ስለማይጠፋ ሁለት ደርቡ።

በጾም ቀንም ጡቡን መደርደር ይቻላል። ሙተበሉ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ከነልጣጩ የተጠበሰው ሽንኩርት ሁሉ የጾም ናቸው። ቶም የሚባለው ማባያም እንዲሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ተወቅጦ፣ ዘይትና ሎሚ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ነጭ ሆኖ እስኪነሣ ይመታል። ዘይቱን በአንዴ ካፈሰሳችሁበት ይለያያል። ድንችም ጎረድ ጎረድ አድርጋችሁ ቀቅሉና ስኩት፤ ቶም ከሁሉም ይልቅ ከሱ ጋር ይስማማል።