የቤቱ ግምት ሲጨምር ግብሩን ማን ጨመረው?

በዋሽንግተን ዙሪያ ቤት ያለን ሰዎች ወሬያችን ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዓይነት ይሆናል። የቤት ግምት ደብዳቤው የደረሰው ሁሉ «ቤቴን በመቶ ሺህ ዶላር ሰቀሉት፣ ግብሩም በዚያው ልክ ሊሰቀል ነው» ይላል። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሞርጌጁን በቋሚ ወለድ የያዘ ሰው እንኳ ግብሩ በኤስክሮው (አበዳሪው ግብሩን ለመክፈል በሚይዘው ሂሳብ) በኩል ስለሚሰበሰብ ወርሃዊ ክፍያው ያሻቅብበታል፤ ሲያሻቅብም ምክንያቱን የሚያስረዳው ሰው አያገኝም። ነገር ግን ቁጣው የሚያርፈው ባልበደለው ሰው ላይ ነው ባይ ነኝ። ቤቱን የሚገምተው አንድ አካል፣ የግብሩን ምጣኔ የሚወስነው ሌላ አካል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲያውም ገማቹ ካውንቲው ሳይሆን የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሞንትጎመሪም ሆነ ፕሪንስ ጆርጅስ በግምቱ ሥራ እጃቸው የለበትም።

ግምት የሚወስነው የጠቅላላው ወጪ ስንት እጅ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ሁለት ቤት ብቻ ያለበት መንደር አስቡ። እያንዳንዱ ቤት 400 ሺህ ዶላር ያወጣል፤ መንደሩ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ 8 ሺህ ዶላር ያስፈልገዋል። ምጣኔው 1 በመቶ ይሆንና ሁለቱም አራት አራት ሺህ ይከፍላሉ። ሁለቱም ቤቶች 500 ሺህ ቢገቡና ወጪው ባይለወጥ፣ ምጣኔው ወደ 0.8 በመቶ ይወርዳል፤ ክፍያው ያው አራት ሺህ ነው። አንደኛው 600 ሺህ ገብቶ ሌላው ባለበት 400 ሺህ ቢቀር ግን የመጀመሪያው 4,800፣ ሁለተኛው 3,200 ይከፍላል። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርስ መጠየቅ ያለበት የቤቱ ዋጋ ስንት ጨመረ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ከሌላው አንጻር በለጠ ወይስ አነሰ የሚለው ነው። «ሌላው» ሲባል ደግሞ ቢሮና የገበያ አዳራሽም አለበት። ከኮቪድ በኋላ ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ መሥራት ሲለምድ የቢሮ ሕንፃዎች ዋጋ ወረደ፤ የከተማ ዳር ቤቶች ግን ተወደዱ። ሸክሙ ወደ ቤት ባለቤቱ ያዘነበለው ገማቹ ስለጨከነ ሳይሆን ገበያው ስለተገለበጠ ነው።

እንግዲያው ግምቱ ባለበት ይቆይ የሚል አለ። ይህን የሞከረች ጎረቤት ስቴት አለችን፤ ደላዌር። ኒው ካስል ካውንቲ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግብር የሚያስከፍለው በ1983 ዋጋ፣ ኬንት በ1987፣ ሰሴክስ ደግሞ በ1974 ዋጋ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንዱ ሰፈር ሲያድግ ሌላው ሲደኸይ መዝገቡ ምንም አላየም። ዋጋው የቆመበት ሰፈር ነዋሪ ዋጋው ለተተኮሰበት ሰፈር ነዋሪ ሲከፍልለት ኖረ ማለት ነው። በ2020 ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው አለ። አዲሱ ግምት ተጠናቆ የ2025 ሂሳብ ሲላክ ታዲያ በኒው ካስል ሸክሙ ከንግድ ሕንፃዎች ወደ መኖሪያ ቤቶች በመዞሩ ጩኸቱ በርትቶ፣ የስቴቱ ምክር ቤት ኦገስት ላይ ለልዩ ስብሰባ ተጠራ። አዲስ አበባ ውስጥም በ2015 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የጣሪያና ግድግዳ ግብር ያን ያህል ያስደነገጠው፣ ለረጅም ጊዜ ሳይከለስ የቆየ የኪራይ ግምት ባንድ ጊዜ በመነሳቱ ነው። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ በየዓመቱ፣ ሜሪላንድ በየሦስት ዓመቱ መገመታቸው ያበሳጫል፤ ግን ድንጋጤውን ከፋፍሎ ያቀርበዋል። ሜሪላንድ ጭማሪውን ራሱን ለሦስት ዓመት ታካፍለዋለች። ከ450 ሺህ ወደ 540 ሺህ የወጣ ቤት 480፣ 510፣ ከዚያ 540 ሺህ እየተባለ ይሄዳል። ግምቱ የቀነሰ እንደሆነ ግን ቅናሹ ባንዴ ይያዛል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ምጣኔው ይወርዳል የምትለው በወረቀት ነው፣ መንግሥት የመጣለትን ገንዘብ ይመልሳል እንዴ?» የሚል። እውነት አለው። ፌርፋክስ በ2022 ምጣኔውን ከ1.14 ወደ 1.11 ዶላር ዝቅ አድርጎ ነበር (በየመቶ ዶላሩ ማለት ነው)። ቅናሹ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የቤቶች ግምት ግን በዚያው ዓመት በአማካይ ከ9 በመቶ በላይ አድጓል። ምጣኔ ቀነስን ተብሎ ክፍያው ጨመረ። በ2024 ደግሞ 1.095 የነበረው ወደ 1.125 ከፍ አለ። ይህን ያደረገው ግን ገማች አይደለም፤ በድምፅ የተመረጠው የካውንቲው ቦርድ ነው። ሕጉም በር ትቶልናል። ሜሪላንድ ውስጥ ስቴቱ ከአምናው ጋር እኩል ገቢ የሚያስገኘውን ምጣኔ አስልቶ ያሳውቃል፤ ካውንቲው ከዚያ በላይ ማስከፈል ካሰበ ማስታወቂያ አውጥቶ ሕዝብ መስማት አለበት። ቨርጂኒያም ከግምት ጭማሪ ብቻ የሚመጣው ገቢ ከ1 በመቶ በላይ እንዲያድግ የፈለገ ቦርድ ሕዝብ ሰብስቦ እንዲወስን ታስገድዳለች። በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ ከኛ ማኅበረሰብ የሚታየው ሰው ጥቂት ነው።

«ቤቴ ተወደደ እንጂ ደመወዜ አልጨመረም» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ በተለይ ጡረታ ለወጡ እናቶችና አባቶች ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን ገቢን ማየት እንጂ የሁሉንም ግምት ማሰር አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1978 ባጸደቀችው ሕግ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም። ዋረን በፌት በ2003 እንደተናገረው፣ ኦማሃ ላለው 500 ሺህ ዶላር ለሚያወጣ ቤቱ በዓመት 14,410 ዶላር ሲከፍል፣ ካሊፎርኒያ ላለው የ4 ሚሊዮን ዶላር ቤት ግን 2,264 ብቻ ነበር። ልዩነቱን የሚሸፍነው አዲስ ገዢ ነው፤ አዲስ ገዢ ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጣትና ስደተኛ ነው። ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ላይ ግብር የሚከፈልበት ግምት በዓመት የሚጨምረውን የሚገድበው የሜሪላንድ ሆምስቴድ ክሬዲትም በለዘበ መልኩ ይኸው ጠባይ አለው። ሞንትጎመሪ ውስጥ ዓመታዊ ገደቡ 10 በመቶ ስለሆነ ከላይ ያየነውን ባለ 540 ሺህ ቤት አይነካውም። በፕሪንስ ጆርጅስ ግን ከ5 በመቶ ስለማያልፍ ይጠቅመዋል፤ ቤቱ ሲሸጥ ጥቅሙ አብሮ ይጠፋል።

ገማቾች አይሳሳቱም እያልኩ አይደለም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ቤሪ በ2021 ባወጣው ጥናት፣ በአገር አቀፍ አማካይ፣ በየአካባቢው እጅግ ርካሽ የሆኑት 10 በመቶ ቤቶች ከእውነተኛ ዋጋቸው አንጻር የሚከፍሉት ምጣኔ እጅግ ውድ ከሆኑት 10 በመቶ ቤቶች ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይግባኝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደብዳቤው ከወጣበት ቀን ጀምሮ 45 ቀን አላችሁ። «ግብሬ በዛ» የሚል አቤቱታ ዋጋ የለውም፤ የሚሰማው «ቤቴን በዚህ ዋጋ የሚገዛ የለም» የሚለው ነው። መጀመሪያ በመዝገቡ ላይ የቤታችሁ ስፋትና የመታጠቢያ ቤት ቁጥር ልክ መሆኑን፣ ያልተሠራ ቤዝመንት እንደተሠራ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ተመሳሳይ ጎረቤት ቤቶች የተሸጡበትን ዋጋ አቅርቡ። ሆምስቴዱ አንዴ መመዝገብን ይጠይቃል፤ ካልተመዘገባችሁ አይሰጣችሁም። የቤተሰብ ገቢው ከ60 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ደግሞ በገቢ ላይ የተመሠረተው ሌላ ክሬዲት አለው፤ ማመልከቻው እስከ ኦክቶበር 1 ነው።