ጽሑፍ ሆኖ የመጣ ቁጥር

ከአዲስ አበባ አምቦ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምቦ ጉደር ደግሞ 12። ጠቅላላው መንገድ 126 እንደሚሆን ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ አያስፈልግም። ሁለቱን ቁጥሮች በ«ኢንፑት» ተቀብሎ እንዲደምር በፓይተን ፕሮግራም የጻፈ ጀማሪ ግን 11412 የሚል መልስ ይመጣበታል።

ማሽኑ አልተሳሳተም። ከኪቦርድ የገባ ነገር ሁሉ ለፓይተን ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ጽሑፎችን «መደመር» ደግሞ አንዱን ከሌላው ጫፍ መቀጠል ማለት ነው። በቅደም ተከተል ደርድር ቢባልም «10»ን ከ«9» ያስቀድማል፤ የሚያነጻጽረው ከመጀመሪያው ፊደል ተነሥቶ ነውና።

ጽሑፉን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠው «ኢንት» ነው፤ ነጥብ ላለው «ፍሎት» አለ። ኢንት በጽሑፉ ዳርና ዳር ያለ ክፍት ቦታን ያልፋል፤ «1,500» ሲሰጡት ግን «ቫልዩ ኤረር» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ኮማው አስቀድሞ መውጣት አለበት። ስልክ ቁጥርን ግን ባይነኩት ይሻላል፤ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ የሚለው የግእዝ ቁጥር ጉዳይ ነው። ኢንት የዐረብኛንና የሂንዲን አኃዞች ያለ ችግር ያነባል። «፩» ሲሰጡት ግን አይቀበልም። ፓይተን ምልክቱን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ «ኢዝዲጂት» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ፣ አኃዝ ነው» ይላል። ኢንት የሚፈልገው እያንዳንዱ አኃዝ እንደ ቦታው ዋጋው በዐሥር እየተባዛ የሚሄድበትን ሥርዓት ነው፤ ግእዝ ዜሮ የለውም፣ ለዐሥርም ለሃያም ለመቶም የየራሱ ምልክት አለው። ኢንት እንቢ ማለቱ ትክክል ነው፤ በግምት ቢያነበው ኖሮ ስሕተቱን ማንም ሳያስተውለው ያልፍ ነበር።

በደርግ ዘመን የተመታ የሳንቲም ገንዘብ ላይ «፲፱፻፷፱» ተጽፎ ይገኛል። ዐሥርና ዘጠኝ ዐሥራ ዘጠኝ፤ በመቶ ሲባዛ 1900፤ ስልሳና ዘጠኝ ሲጨመር 1969። ይህን በፓይተን ለመሥራት «ዩኒኮድዳታ» ውስጥ ያለው «ኑመሪክ» ይበቃል፦ ለ፷ 60.0፣ ለ፻ 100.0 ይመልሳል። ፕሮግራመሩ የቀረውን ይጽፋል፤ ፊደል በፊደል እየደመረ ይሄድና ፻ ላይ ሲደርስ እስከዚያ የያዘውን በመቶ ያባዛል።