ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አመጋገብ በወረርሽኝ ወቅት

የኮሮና ቫይረስ በሽታ በአገራችን መገኘቱ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ወገኖች ከሌላው ይበልጥ እንዲጠነቀቁ ሲመከር ቆይቷል። ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች በቫይረሱ ቢያዙ ለጽኑ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ይሁንና ቤት ውስጥ መቆየት የራሱን ችግር ያስከትላል። እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ የምግብ ሰዓት ይዛባል፤ ገቢ በመቀነሱም ገበታው ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ታካሚው «አቅም አነሰኝ» ማለት ይጀምራል።

አቅም የሚያንሰው ለምንድን ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ገንፎ በሰውነት ውስጥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም አማካይነት ይሠራጫል። የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ግን ስኳሩ ወደ ሕዋሳት በሚገባ ስለማይገባ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ደም በስኳር ተሞልቶ ሳለ ሰውነት ይራባል። ስለዚህ ድካም ሲሰማ ለስላሳ መጠጥ ወይም ብዙ ስኳር ያለው ሻይ መጠጣት ጉልበት አይሰጥም፤ ድካሙን ያባብሳል። በሌላ በኩል መድኃኒት ወስዶ ምግብ መዝለል ስኳሩን ከመጠን በታች ያወርዳል። ብርታት የሚገኘው በተመጠነና ሰዓቱን በጠበቀ ምግብ ነው።

ገበታውን ማመጣጠን

የሳህኑን ግማሽ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ ይያዝ። ከቀሪው ግማሽ አንዱ እጅ እንጀራ ወይም ሌላ የእህል ምግብ፣ ሁለተኛው እጅ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ስብ የሌለው ሥጋ ይሁን። ጥራጥሬ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ጥጋብን ያቆያል፤ ዋጋውም ከሥጋ ያነሰ ነው።

በጋራ ማዕድ ሲበላ ምን ያህል እንጀራ እንደተበላ ማወቅ ያስቸግራል። ለእያንዳንዱ ሰው በተለየ ሳህን ማቅረብ መጠኑን ለመቆጣጠር ይረዳል፤ በወረርሽኙ ወቅትም የቤተሰቡን ንክኪ ይቀንሳል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ ቢሆንም ለጊዜው ይቆይ።

የጨው መጠን ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይሁን። በበርበሬ፣ በሚጥሚጣ፣ በሽሮ ዱቄትና በዳቦ ውስጥ ያለው ጨው ከዚሁ የሚቆጠር ስለሆነ ወጥ ላይ ከመጨመር በፊት መቅመስ ይገባል።

ቡናና ሻይ ከምግብ የሚገኘው ብረት በሚገባ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ከማዕድ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ መጠጣት ይመረጣል።

የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የጥራጥሬ፣ የሙዝ፣ የድንችና የፈሳሽ መጠን ሊገደብባቸው ስለሚችል ከሐኪማቸው የተሰጣቸውን ምክር ያስቀድሙ።

ስለ ማር፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ለምግብነት የሚውሉ ናቸው፤ ከኮሮና ቫይረስ እንደሚከላከሉ ግን አልተረጋገጠም። ማር ደግሞ እንደማንኛውም ጣፋጭ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። እነዚህን በመተማመን የታዘዘ መድኃኒትን ማቋረጥ ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

ጾምን በሚመለከት

ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይመገብ ረጅም ሰዓት ከመቆየቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የሃይማኖት አባቶችንም ማነጋገር መልካም ነው፤ ለሕሙማን የሚደረግ ፈቃድ አለና።

ሲታመሙ

ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲኖር የምግብ ፍላጎት ቢጠፋም ሾርባ፣ ስኳር የሌለው አጥሚትና ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መውሰድ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን በራስ ውሳኔ አይቋረጥም፤ የደም ስኳር ቶሎ ቶሎ ይለካ፤ የሌሎች መድኃኒቶችን አወሳሰድ በተመለከተም የጤና ባለሙያ ይጠየቅ።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ግራ መጋባት ከታየ፣ ወይም የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያውኑ መጠጣት ይገባል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከሌለ ይደገማል፤ ሲሻል ምግብ ይበላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም ሳይሰጥ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

የማያቋርጥ ማስታወክ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ካለ ቫይረሱን በመፍራት ቤት መዋል አይገባም። ለመረጃ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደውሉ። መድኃኒትዎ ከማለቁ አስቀድሞ ቀጠሮዎን ያረጋግጡ፤ የቤተሰብዎ አባላትም የመድኃኒትዎን ስምና የሚወስዱበትን ሰዓት እንዲያውቁ ያድርጉ።